በፎቶግራፍ ዳር የቀረ ትከሻ

ባለፈው በጋ ከጂንካ ተነሥተን ረጅሙን መንገድ በመጓዝ፥ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ወዳለችው ወደ ኛንጋቶም ወረዳ ከተማ ወደ ካንጋተን ደርሰን ነበር። በዚያም ከአንድ መምህር ጋር ስንጨዋወት፥ ባቡር በዓይናቸው አይተው ለማያውቁት ተማሪዎቹ ከቦርሳችን አንድ ፎቶግራፍ አውጥተን አሳየናቸው። ሥዕሉ በአዋሽ ጣቢያ ያነሣነው የአንድ አሮጌ የባቡር ፉርጎ ሥዕል ነው። እኛም ስለ መንኰራኵሩና ስለ ሐዲዱ ይጠይቁናል ብለን መልሱን አሰናድተን ስንጠብቅ፥ ዐሥር ዓመት ያህል የሚሆነው አንድ ልጅ ጣቱን በሥዕሉ ዳር ላይ አሳረፈና፥ በመምህሩ አስተርጓሚነት፥ «ይህ ትከሻ የማን ነው?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም።

የልጁ ጥያቄ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የኦሞ ሸለቆ ሰዎች የፎቶግራፍ መሣሪያን ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቁታል። እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ ፊታቸውን ያነሣል፤ ጥቂት ገንዘብ ይሰጥና ይሄዳል። ሥዕሉ በባሕር ማዶ በመጽሐፍ ይታተማል፤ በሥሩ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ የሕዝቡ ስም እንጂ የሰውየው ስም አይደለም። እንዲህ ባለው አገር ያደገ ልጅ ከብረቱ ይልቅ ትከሻውን ቢያይ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ያ ትከሻ በሥዕላችን ዳር እንዴት እንደ ቀረ ለመንገር ግን ወደ አዋሽ መመለስ ይገባናል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፥ የምድር ባቡሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፥ የሐዲዱም ስፋት 1 ሜትር ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ፥ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ይደርስ ነበር። አዋሽም ከዚህ የተነሣ ከተማ ሆነች፤ የባቡር ልጅ ናት ቢባል ያስኬዳል። ከጣቢያው አጠገብ ያለው የቡፌ ሆቴል ለዚህ ምስክር ነው።

ያ መንገድ ደስታን ብቻ አላመላለሰም። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አንድ የመንገደኛ ባቡር በአዋሽ አጠገብ ካለው ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል ወደቀ፤ ከ400 የሚበልጡ ነፍሳትም አለፉ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። የእያንዳንዳቸውን ስም የሚያስታውስ ግን ስንት ነው?

ኋላም መንገዱ በጦርነት ጕዳት፥ በመለዋወጫ እጦትና በመኪና ፉክክር እየደከመ ሄዶ፥ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ጕዞ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ። በብዙ ቦታም ሐዲዱ ተነቀለ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፥ የሐዲዱም ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፥ አሮጌው ፉርጎ በላዩ ሊሄድ አይችልም። ሥራው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደው መሥመርም የሚገነጠለው ከአዋሽ ነው። እንግዲህ ትንሿ ከተማ የአዲሱ ሐዲድ መገናኛ ስትሆን፥ አሮጌው በጕያዋ ዝጎ ቀርቷል።

እኛም ይህ የቀረው ሳይጠፋ በፎቶግራፍ እናስቀረው ብለን ነበር ወደ ጣቢያው የሄድነው። በማለዳ ስንደርስ፥ የደበዘዘ የሥራ ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን በፉርጎው ላይ አሳርፈው ቆመው አገኘን። ሰላምታ ከሰጠን በኋላ፥ «አባታችን፥ እባክዎ ጥቂት ፈቀቅ ይበሉልን፤ ባቡሩን ልናነሣ ነው» አልናቸው። «ባቡሩን ብቻ ነው የምትፈልጉት?» ሲሉ ጠየቁን። «አዎን» አልን። እሳቸውም ያለ ቅሬታ ፈቀቅ አሉ። ፈጽመው ግን አልራቁም ነበርና ትከሻቸው በሥዕሉ ዳር ገባ። አመስግነን ሄድን፤ ስማቸውን አልጠየቅንም።

ከካንጋተን ስንመለስ የልጁ ጥያቄ ዕረፍት ስለነሣን፥ ከትንሣኤ በዓል በኋላ ፎቶግራፉን ይዘን ወደ አዋሽ ወረድን። ሰው እየጠየቅን ከቤታቸው ደረስን። ሽማግሌው በዐቢይ ጾም ውስጥ ዐርፈዋል። ሴት ልጃቸው እንደ ነገረችን፥ ፉርጎ ከፉርጎ ሲያያይዙ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረዋል፤ ነገር ግን በሥራቸው ቦታ የተነሡት አንድም ፎቶግራፍ በቤቱ የለም። ያመጣነውን ተቀብላ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ «ኮቱን ዐወቅሁት» አለችና እንድንተውላት ለመነችን። ፉርጎው ሙሉ ነው፤ ሰውየው ግን ትከሻ ብቻ ናቸው። እርሱንም ሰጠናት። የዓለም ስማቸውንና የክርስትና ስማቸውን ጠይቀን በጀርባው ጻፍን። ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ፍትሐት የምትጠራው በስም እንጂ በመልክ አይደለምና።

ውድ ቤተሰቦች ሆይ፤ አባታችሁ ወይም አያታችሁ በምድር ባቡር ያገለገሉ፥ ወይም ቤታችሁ ከአሮጌ ጣቢያ አጠገብ የሆነ፥ ከዚህ ስሕተታችን ተማሩ። ብረቱን ማንሣት መልካም ነው፤ ቍጥሩንና የሠሪውን ፋብሪካ ስም የያዘውን ሰሌዳም ቀርባችሁ አንሡ። የቈላ ፀሐይ በቀትር ሰዓት ከፉርጎው በታች ያለውን ሁሉ በጥላ ስለሚያጠፋው፥ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሁን። አዲሱን ሐዲድና ድልድዩን ለማንሣት ግን አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ከሁሉ በፊት በዚያ የሠራውን ሰው ከፉርጎው አጠገብ አቁሙት፤ ስሙን፥ ሥራውን፥ ያገለገለበትን ዘመን ጠይቁ። ይህንም ከቦታውና ከቀኑ ጋር በወረቀቱ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ጻፉት፤ ቀለም ወደ ፊቱ ይሰርጋልና። በስልክ ያነሣችሁት እንደ ሆነም አሳትሙት፤ ስልክ ይጠፋል፥ ይሰበራል። ከፀሐይና ከእርጥበትም ጠብቁት።

ለካንጋተኑ ልጅ ስለ ትከሻው የሚገልጽ ደብዳቤ በመምህሩ በኩል ልከንለታል። ደብዳቤውን ስናሰናዳም ሌላ ዕዳችን ተገለጠልን። በዚያ ቀን የልጁን ፎቶግራፍ አንሥተነው ነበር፤ ገልብጠን ብናየው ጀርባው ባዶ ነው። ስለዚህ በደብዳቤው መጨረሻ፥ የልጁን ስም እንዲጽፉልን መምህሩን ለመንናቸው። እርሳሱን ቀርጸን መልሱን እንጠብቃለን።