ሙቀት ሄልሜት አያስወልቃችሁ!

«ዶክተር፣ ሄልሜት እኮ ያፍናል!» ሞተረኞች እንዲህ ሲሉኝ እውነታቸውን ነው። ትራፊክ ላይ ሲቆሙ ነፋስ ስለማይገባ ሙቀቱና ላቡ ያስጨንቃል። እንደ ፍጥነቱ የአየር ማስገቢያውን በራሱ የሚያስተካክል ሄልሜት ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው፤ ቀስ ስትሉ ይከፍታል፣ ስትፈጥኑ ብርዱንና የነፋሱን ጩኸት ለመቀነስ ያጠባል። ግን ቀዳዳ ብቻውን ነፋስ አይፈጥርም፤ ሞተሩ ከቆመ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት ገንዘባችሁን መጀመሪያ ጭንቅላታችሁን በልኩ ለሚይዝ ሄልሜት አውጡ። ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ስትወድቁ ሊወልቅ ይችላል። ክንድ ላይ የተንጠለጠለማ ለክርን እንጂ ለጭንቅላት አይሆንም!

ሞቃችሁ? ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ አውልቁ፣ ውሃ ጠጡ። ከዚያ አገጫችሁ ስር አጥብቃችሁ እሰሩና ቀጥሉ። ከኋላ የምትጭኑትም ሰው ሄልሜት ይኑረው።

ሞተር ለሚነዳ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።