ከግስ በኋላ የምትገባው ታናሽ ቃል

ነጋዴ ሚዛኑ እንዳይዛባ እንደሚጠነቀቅ ሁሉ፣ በደብዳቤው ላይ የሚያሰፍረው ቃልም እንዳይዛባ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ሚዛን ቢዛባ የሚጐድለው በዚያ ቀን የተመዘነው ዕቃ ነው፤ በውል ላይ የሰፈረ ቃል ቢዛባ ግን ጕዳቱ ውሉ እስኪፈጸም ድረስ አይለቅም። ከውጭ አገር ጋር የሚደረገው የንግድ ጽሕፈት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ የቋንቋው ነገር ለተማሪ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። በተለይም ከግስ በኋላ የምትገባው ታናሽ ቃል፣ የሰዋስው ዐዋቂዎች መስተዋድድ የሚሏት፣ ብዙው ሰው ሳያስተውል የሚያልፋት ናት።

አንዲት ቃል ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለማወቅ የሚሻ የአራዳ ነጋዴ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በምኒልክ አደባባይ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በፈረስ ላይ የተቀመጡት ዳግማዊ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. ከኢጣልያ ጋር የተዋዋሉት የውጫሌ ውል በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነበር። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ፈቃዱን ወደ ግዴታ የሚለውጥ ሆኖ ተገኘ። ኢጣልያም በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ክርክሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዐድዋ በጦር ተቈረጠ፤ ውሉም በጥቅምት 1889 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል ተሻረ። የዚያ ጠብ ምክንያት ቃሉ ብቻ አልነበረም፤ የቅኝ ግዛት ምኞትም ነበረበት። ነገር ግን ክፉ ምኞት መግቢያ በር የሚያገኘው ቃሉ በላላበት ስፍራ ነው።

የንግድ ደብዳቤ መንግሥትን አያዋጋም፤ ቤትን ግን ሊያፈርስ ይችላል። የችግሩም ሥር ከራሱ ከአማርኛ ጠባይ ይጀምራል። የአማርኛ መስተዋድዶች በቍጥር ጥቂቶች፣ በሥራ ግን ብዙዎች ናቸው። «በ» የምትለው አንዲት ፊደል በእንግሊዝኛ «ኢን»፣ «አት»፣ «ኦን»፣ «ባይ»፣ «ዊዝ» ለሚባሉት ሁሉ ታገለግላለች። ስለዚህ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ጸሓፊ ሁልጊዜ በመንታ መንገድ ላይ ነው። «ስለ ዋጋው ተወያየን» ለማለት ሲሻ «ዲስከስ» ከሚለው ግስ በኋላ «አባውት» ይጨምራል፤ ግሱ ግን ምንም መስተዋድድ አይሻም። «ከሁለት ዓይነት የተውጣጣ ነው» ለማለት ሲሻ «ኮንሲስት» ካለ በኋላ «ፍሮም» ይጽፋል፤ ተገቢው ግን «ኦቭ» ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ያሳፍር ይሆናል እንጂ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ገዢውም ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

የሚያስፈራው ሁለተኛው ዓይነት ስሕተት ነው። ይህም ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል ምንም እንከን ሳይኖርበት፣ ነገሩ ግን ሌላ ሆኖ የሚገኝበት ነው። ለምሳሌ አንድ ላኪ ለውጭ አገር ወኪሉ በመቶ 2 ኮሚሲዮን ይከፍል ነበር እንበል። ወደ በመቶ 3 ከፍ ለማድረግ ፈልጎ ጸሓፊው በ«ቱ» ፈንታ «ባይ» ቢጽፍ፣ ጭማሪው ራሱ 3 ይሆንና ኮሚሲዮኑ በመቶ 5 ይደርሳል። በ100,000 ዶላር ሽያጭ ላይ ልዩነቱ 2,000 ዶላር ነው። ሁለቱም ቍጥር በንግድ ዘንድ የተለመደ ስለ ሆነ ስሕተት ነው ብሎ የሚጠራጠር የለም።

«እስከ» የምንላትም ቃል እንደዚሁ ታሳስታለች። «እስከ ሰኔ 30 እናቈይልዎታለን» እና «እስከ ሰኔ 30 እንልክልዎታለን» በአማርኛ አንድ ቃል ይበቃቸዋል። በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው «አንቲል»፣ ሁለተኛው «ባይ» ይሻል። ዕቃው ከዚያ ቀን ሳያልፍ ይላክልኝ ለማለት «አንቲል» የጻፈ አስመጪ፣ ዕቃው በየጊዜው እየተከፋፈለ እስከዚያ ቀን ድረስ ይላክ ያለ ሊመስል ይችላል። «አግሪ» የሚለውም ግስ፣ «ዊዝ» ሲከተለው በሐሳብ መስማማትን ያመለክታል፤ «ቱ» ተከትሎት ዋጋ ሲጠራ ግን የቀረበውን ዋጋ መቀበል ነው። ለትሕትና ብቻ የተጻፈች ቃል እንዲህ ሆና ውል ልታስር ትችላለች።

በባንክ በኩልም ነገሩ ከዚህ ይጠብቃል። ባንኮች የመተማመኛ ሰነድ፣ በነጋዴው አጠራር ኤል ሲ፣ ሲከፍቱ የሚመሩበት የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ ቍጥር 600፣ ከሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ. ም. ጀምሮ የሚሠራበት፣ ስለ እነዚህ ታናናሽ ቃላት በግልጥ ደንግጓል። የመጫኛ ጊዜ ሲወሰን «ቱ»፣ «አንቲል»፣ «ፍሮም» እና «ቢትዊን» የተጠራውን ቀን ይጨምራሉ፤ «ቢፎር» እና «አፍተር» ግን አይጨምሩም። የክፍያ መድረሻ ቀን ሲቈጠር ደግሞ «ፍሮም» እንደ «አፍተር» ሆኖ የተጠራውን ቀን ይተዋል። ስለዚህ ከማርች 1 ጀምሮ ይጫን ሲባል ማርች 1 ይቈጠራል፤ ከማርች 1 በ60 ቀን ይከፈል ሲባል ግን ቍጥሩ ከማርች 2 ይጀምርና ኤፕሪል 30 ላይ ያልቃል። አንዲቱ ቃል በአንድ ሰነድ ላይ ሁለት ጠባይ አላት ማለት ነው።

«አባውት» የምትለውም ከብዛት፣ ከጠቅላላ ገንዘብ ወይም ከነጠላ ዋጋ ፊት ብትገባ፣ በመቶ 10 መጨመርን ወይም መቀነስን ትፈቅዳለች፤ ነገር ግን ለተጻፈችበት ነገር ብቻ ነው። 1,000 ኩንታል ከሚለው ፊት ተጽፋ ከገንዘቡ ፊት ብትቀር፣ 1,100 ኩንታል የጫነ ላኪ ለትርፉ 100 ኩንታል ከዚያ ሰነድ ክፍያ ላያገኝ ይችላል። ባንክ የሚመለከተው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን ወይም የነጋዴውን ሐሳብ አይደለም።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ይሰማል። አንዳንዶች «ደንበኛዬ ዐሳቤን ያውቃል፤ ንግድ በቍጥር እንጂ በሰዋስው አይሄድም» ይላሉ። ገበያው ደኅና ሲሆን ይህ እውነት ነው። ዋጋ የወደቀ ዕለት ግን ያው ወዳጅ ደብዳቤውን እንደ ጠበቃ ማንበብ ይጀምራል። ሌሎች ደግሞ «ዛሬ ኮምፒውተር ያርመዋል» ይላሉ። ኮምፒውተር ሰዋስው ያፈረሰውን ሊያቃና ይችላል፤ «ቱ» እና «ባይ» ሁለቱም ሰዋስው ያልተላለፉ ሲሆኑ ግን፣ ከነጋዴው ጋር የተማከረ ሰው ካልሆነ በቀር የትኛው እንደ ታሰበ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ መድኀኒቱ ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ግስን ለብቻው ማጥናት ትቶ ከመስተዋድዱ ጋር አጣምሮ መያዝ ነው፤ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ከባንክና ከውጭ ደንበኞች ከሚደርሱት ሰነዶች እየለቀመ የሚመዘግብበት አንድ ደብተር ቢኖረው በዓመት ውስጥ መልካም መምህር ይሆነዋል። ሁለተኛ፣ ገንዘብና ቀን በሚጠራበት ስፍራ ሸክሙን ሁሉ በመስተዋድድ ጫንቃ ላይ አለመጣል ነው፤ «ከበመቶ 2 ወደ በመቶ 3» ብሎ የቀድሞውንና የአሁኑን ቍጥር ሁለቱንም መጻፍ፣ ቀኑም የሚቈጠር መሆን አለመሆኑን መግለጥ ነው። ሦስተኛ፣ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ጸሓፊው ለነጋዴው ነገሩን በአማርኛ መልሶ እንዲነግረው ማድረግ ነው።

ይህ ሦስተኛው የነጋዴው የራሱ ፈንታ ነው። የጭነት መኪናው ጐማ እንዲመረመር ግማሽ ቀን የሚፈቅድ፣ የቡናውን ጣዕም ለማስቀመስ ገንዘብ የማይሰስት ሰው፣ ጸሓፊውን ግን «ቶሎ በል፣ ባንክ ሊዘጋ ነው» እያለ ያጣድፋል። የተጣደፈም ጸሓፊ መጠየቅ ይፈራል፤ ያልጠየቀም ይገምታል። ምክር ቤቱም ለአባሎች ጸሓፊዎች አጭር የማታ ትምህርት ቢከፍት፣ ከላኪና ከአስመጪ ብዙ ክርክር ያድናል። አንድ ሩብ ሰዓት ለጥያቄ የፈቀደ ነጋዴ፣ ለጠበቃ ከሚከፍለው ገንዘብ ላይ ያን ያህል ቈጥቧል።