ስለ ትንሽ ሞተር ብስክሌት ጎማ አመራረጥ

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሐይቅ ከተማ ተነሥቶ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ለሚሄድ የእርሻ ሠራተኛ መንገዱ ዳገት ነው። አርዲቦ ከፍ ብሎ የተኛ ውሃ ሆኖ ትርፉ የእስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት ወደ ታችኛው ሐይቅ የሚወርድ ነውና፥ ሠራተኛው ሲሄድ የወጣውን ሲመለስ ቁልቁል ይወርደዋል። በበጋ አቧራና ጠጠር፥ በክረምት ጭቃ ይገጥመዋል። የከብት ክትባት ያለበት የበረዶ ሣጥን በኋላው ወንበር ታስሮ ሳለ ጎማው ቢፈነዳ፥ በረዶው ቀልጦ መድኃኒቱ ይበላሻል፤ ከብቱን ሰብስቦ የዋለው ባላገርም ቀኑን በከንቱ ይፈጃል። በሌላ ቀን ቢጠሩት መምጣቱ ያጠራጥራል።

እንዲህ ያለው ጉዳት የሚመጣው ሁልጊዜ ከገንዘብ ማነስ አይደለም፤ ይልቁንም ርካሽ የሚባለው ጎማ የትኛው እንደ ሆነ ካለመመርመር ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ጎማ በ2000 ብር ተገዝቶ 6000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፥ ሁለተኛው በ3000 ብር ተገዝቶ 12000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፥ የፊተኛው በየሺህ ኪሎ ሜትሩ 333 ብር ሲፈጅ ሁለተኛው 250 ብር ብቻ ይፈጃል። ቢሆንም ቅሉ ውድ የሆነው ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። በጎማው ጎን በላቲን ፊደል ፒ የሚል ምልክት ቢኖር በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ፍጥነት ይበቃል ማለት ነው። ወደ አርዲቦ በዚህ ፍጥነት የሚወጣ ሰው የለምና፥ ከዚህ ለበለጠ ፍጥነት ለተሠራ ጎማ ገንዘብ መጨመር የመንግሥትን ብር መጣል ነው።

ሌላውንም ነገር ጎማው ራሱ ይናገራል። 2.75 - 18 የሚል ቢጻፍበት ስፋቱ 2.75 ኢንች፥ የሚገባበትም ቸርኬ ማዶ ለማዶ 18 ኢንች ነው። ቀጥሎ ያለው ትንሽ ቍጥር የሸክሙን ልክ ይገልጻል፤ 42 ማለት 150 ኪሎ፥ 47 ማለት 175 ኪሎ፥ 52 ማለት 200 ኪሎ ነው። ይህን ቍጥር ብዙ ሰው አይመለከተውም፤ ነገር ግን ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተር ብስክሌቱ 120 ኪሎ፥ ሁለቱ ሰዎች 130 ኪሎ፥ የዘሩ ከረጢት 30 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 280 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ሁለት እጁ በኋላው እግር ላይ ቢያርፍ 187 ኪሎ ያህል ነውና፥ 47 የተጻፈበት ጎማ አይችለውም፤ 52 የተጻፈበት ግን ይችለዋል። የሁለቱ መልክ ግን አንድ ነው፤ ሻጩም ካልተጠየቀ አይናገርም።

የጎማው ዕድሜ በአራት አኃዝ ይጻፋል፤ 3523 ማለት በአውሮፓውያን 2023 ዓመት በ35ኛው ሳምንት፥ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር በነሐሴ 2015 ዓመተ ምሕረት የተሠራ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሙቀት ብዙ ዓመት የቈየ ጎማ ምንም እንኳ ጥርሱ ሙሉ ቢሆን ላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ስለ ጥርሱ ቅርጽ የሆነ እንደ ሆነ፥ ከዚህ ላይ ለሁሉ የሚስማማ ትእዛዝ መስጠት አይቻልም። ጥርሱ ጎላ ብሎ የተራራቀ ጎማ ጭቃን ይቧጥጣል፤ በደሴና በሐይቅ መካከል ባለው አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ለወረዳው ሠራተኞች ሁሉ አንድ ዐይነት ጎማ በጅምላ መግዛት ለመዝገብ ቤት ይመቻል እንጂ ለመንገዱ አይመችም። የሚነዳውን ሰው ጠርቶ የሚውልበትን መንገድ መጠየቅ ክብርን አይቀንስም። የገዛ ሞተር ብስክሌት ያለው ባለ እርሻም ለራሱ እንዲሁ ቢያደርግ ይጠቀማል።

ገንዘቡ ለአንድ ጎማ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሹሙ ዐይኑን አስቀድሞ ወደ ፊተኛው ይጣል። ቶሎ የሚያልቀው የኋላው ስለ ሆነ ሁሉም እርሱን ያያል፤ ሆኖም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊቱ እግር ከተንሸራተተም ሞተሩን መልሶ ማቅናት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከኋላ የተነሣ ሊሾ የሆነ ጎማ ወደ ፊት ማዛወር ግን በሰው ሕይወት መቈጠብ ነው። ከአዲስ ጎማ ጋርም አዲስ ከመነዳሪ ይገዛ፤ የላላ አሮጌ ከመነዳሪ በአዲሱ ጎማ ውስጥ ታጥፎ ይቀደዳልና።

በጨረታ ጊዜ በመጠየቂያው ያልተጻፈ ነገር ኋላ ከነጋዴው ሊጠየቅ አይችልም። ልኩ፥ የሸክሙ ቍጥር፥ የተሠራበት ጊዜና የጥርሱ ዐይነት አስቀድሞ ከተጻፈ፥ ከዚያ ወዲያ አነስተኛ ዋጋ ላቀረበው ቢሰጥ ነውር የለውም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፥ የተረፈ ገንዘብ እንዳይመለስ ተብሎ በሰኔ መጨረሻ በጥድፊያ የተገዛ ጎማ እንደ ተገኘ የሚገዛ ነው። መጠየቂያው በሚያዝያ ተጽፎ ጎማው በግንቦት ቢገባ፥ ሠራተኛው የክረምቱን ጭቃ በአዲስ ጥርስ ይጀምረዋል።