ፎርሙላው ማድ ቤት ይግባልን

ቪ እኩል ይሆናል አይ ሲባዛ በአር። ይህችን ያልሸመደደ የከተማ ልጅ አለ እንዴ? ፈተና ላይ ጽፈናታል፣ ማርክ ይዘንባታል፣ ከዚያ ደብተሩ የቆሎ መጠቅለያ ሲሆን እሷም አብራ ሄደች። መርሳቱስ ያለ ነው። እኛን የሚያበሽቀን ሌላ ነው፤ ፎርሙላዋ በጣም የምታስፈልግበት ቦታ፣ ማድ ቤታችን፣ አንድም ቀን ሳትደርስ መቅረቷ።

እስቲ ወደ ምጣዱ እንሂድ። ሠፈር ውስጥ ተሠርተው ከሚሸጡት የኤሌክትሪክ ምጣዶች ስንት ዋት እንደሆኑ የሚናገር ጽሑፍ የሌላቸው ሞልተዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ግን በመለኪያው ሁለት ቁጥር ሊሰጠን ይችላል፤ ቮልቴጁንና ከረንቱን። 220 ቮልትና 16 አምፔር አገኘ እንበል። የቀረው የእኛ ሥራ ነው። 220ን ለ16 ስናካፍል ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም ይሆናል። 220ን በ16 ስናባዛ ደግሞ ፓወሩ 3,520 ዋት ይመጣል። አለቀ። አንድ ማካፈል፣ አንድ ማባዛት።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» ትሉ ይሆናል። ሦስት ነገር ይጠበስ።

አንደኛ፣ ዲቫይደሩ። ጀርባው ላይ «10 አምፔር» የሚል የተጻፈበት ዲቫይደር በየቤቱ አለ። ምጣዳችን የሚጠይቀው 16 ነው። በዚያ ላይ ገመዱ ራሱ ሬዚስታንስ አለው። 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን የመዳብ ገመድ 5 ሜትር ቢረዝም፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 0.23 ኦም ገደማ ነው። ምንም አይመስልም። ነገር ግን ገመዱን የሚያሞቀው ፓወር የሚገኘው ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ ነው፦ 16 በ16፣ እሱም በ0.23፣ ወደ 59 ዋት። የድሮው ባለ 60 ሻማ አምፖል የሚበላውን ያህል ገመዱ ውስጥ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ነው ማለት ነው። ገመዱ ተጠቅልሎ ምንጣፍ ሥር ከገባማ ሙቀቱ መውጫም የለው። የላላ ሶኬት ደግሞ ግማሽ ኦም ቢጨምር፣ አውራ ጣት በምታህል ቦታ ላይ ብቻ 120 ዋት ገደማ ይሞቃል። ፕላስቲኩ ቢቀልጥ ምን ይገርማል? «ኮንታክት ነው» ብለን የምናልፈው ቃጠሎ ውስጥ እንዲህ በሁለት መስመር ሒሳብ ቀድሞ ሊታይ የሚችል ነገር አለ።

ሁለተኛ፣ እንጀራው። ምሽት ላይ መብራት ሲደክም እንጀራው ዓይን አላወጣም ይባልና ሊጡ ይወቀሳል፤ የጋገረችዋም አብራ ትወቀሳለች። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ወረደ እንበል። የምጣዱ ሬዚስታንስ ብዙም አይለወጥም፤ ያው 13.75 ነው። ስለዚህ ከረንቱ ወደ 13.1 አምፔር ይወርዳል፤ ፓወሩም ወደ 2,356 ዋት። ቮልቴጁ አንድ አምስተኛ እንኳ ሳይቀንስ ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛው ጠፋ! ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንቱንም ይዞት ስለሚወርድ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ሊጡ ምን አጠፋ? ልጅቷስ ምን አጠፋች?

ሦስተኛ፣ ቆጣሪው። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት ቤተሰብ የሚኖርበትን ኑሮ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ወሩ ሲያልቅ ጠቡ የሚነሳው በአምፖል ነው። «ሌሊቱን ሙሉ መብራት ታበራላችሁ!» እስቲ እናስላው። ባለ 9 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን የሚበላው 1.35 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ያ ምጣድ ግን ለሁለት ሰዓት ሳይጠፋ ቢጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የአምፖሉ የአምስት ወር ቀለብ በአንድ ጋገራ ሄደ! ይህ ሒሳብ ለአከራይም ለተከራይም አያዳላም። ምጣዱ የእትዬ ከሆነ እትዬ ይክፈሉ፣ የእኛ ከሆነ እኛ እንክፈል፤ አንድ አምፖል ይዞ የሚያነብበት ተማሪ ግን ይለቀቅ።

«ይህ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው» የሚለንም አይጠፋም። መለካቱና መስመር መዘርጋቱ አዎ፣ የባለሙያ ነው፤ እዚያ ውስጥ እጃችንን አንከትም። ነገር ግን ኤሌክትሪሺያኑ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ሶኬቱን በየቀኑ የምንሰካው እኛ ነን።

ሕጉ ራሱ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። ጌኦርግ ኦም ሙከራዎቹን የሠራው በጀርመን ኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እያስተማረ ሲሆን፣ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙም ከቁም ነገር አልተቆጠረለትም፤ በ1841 ግን የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያን ሸለመው። የእኛ ችግር ሕጉ ከትምህርት ቤት መውጣት ማቃቱ ነው። ፊዚክሱን የተማርነው በእንግሊዝኛ፣ ምጣዱ ያለው አማርኛ በሚወራበት ቤት። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ ቀጣዩ ጥያቄያችሁ ስለ አንድ ስሙ ስለማይታወቅ ሬዚስተር ከሚሆን ስለ ምጣድ ይሁን፤ መልሱንም ተማሪው ቤት ወስዶ ለእናቱ ያስረዳ። ምጣድ ሠሪዎች፣ ስንት ዋትና ስንት አምፔር እንደሆነ በቀለምም ቢሆን ጻፉበት። እኛ ደግሞ ከመሰካታችን በፊት ዲቫይደሩን ገልብጠን የተጻፈውን እናንብብ። ምጣዱ ከዚያ ከበለጠ ዲቫይደሩን ትተን በወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር እናስዘርጋለት። ወጪ አለው፤ ከተቃጠለ ቤት ግን ይረክሳል።