ልምድ የሌለው ዲስክ

ሰሞኑን ጎረቤቴ የብረት በር እያሠራ ነው። በሩን ማሳመሩ ደስ ብሎኛል፤ ጩኸቱንም ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት የግራይንደሩን ራቁትነት ነው። ዲስኩን የሚጋርደው መከለያ ተፈትቶ የት እንደተጣለ ባለሙያው ራሱ አያስታውስም። ረዳቱ ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ ነው። በነጠላ ጫማ ብረቱን ረግጦ ይይዝለታል፤ ብልጭታው እግሩ ላይ ይዘንባል። ለዓይናቸው ሁለቱም ጨፈን ከማድረግ በቀር መላ የላቸውም።

«ወንድሜ፣ መከለያው የታለ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እሱ ሥራ ያጓትታል። ደግሞ እኔ ልምድ አለኝ።»

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ከዚህ መልስ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። ቀበቶ የማያስረው የሚኒባስ ሾፌርም፣ ሲጋራውን እንደለኮሰ የጋዝ ሲሊንደር የሚቀይረውም ይህንኑ ነው የሚለኝ። እሺ፣ ሰውዬው ልምድ አለው እንበል። ትናንት ከመርካቶ የተገዛው ዲስክ ግን የለውም።

ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ይሽከረከራል። ለተለመደው መቁረጫ ዲስክ የተፈቀደው የጠርዝ ፍጥነት በሰከንድ 80 ሜትር ነው፤ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዲስኩ ቢሰበር ስብርባሪው ወደ ሆድና ወደ ፊት እንዳይመጣ የሚመክተው ያ የተጣለው ቆርቆሮ ነበር። ብዙዎች የሚፈቱት ደግሞ ለትልቁ ማሽን የተሠራውን ባለ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ በትንሹ ላይ ለመግጠም ነው። ቀዳዳቸው አንድ ስለሆነ ይገባል። ከ6,600 ዙር በላይ እንዳይሄድ ፊቱ ላይ ተጽፎበታል፤ ማን አንብቦት! መሃሉ ላይ ያለችው የብረት ቀለበት ላይም የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበት ወርና ዓመት ታትሟል። የዲስኩን ዱቄት የሚያጣብቀው ሙጫ እርጥበት እየጠጣ ይደክማልና ዲስክም እንደ መድኃኒት ጊዜው ያልፍበታል። ባለሱቁን ብትጠይቁት «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል፤ የተጠየቀው ሌላ፣ የተመለሰው ሌላ።

ገመዱንማ ባላየሁት። ስፒና የለውም። ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ሶኬት ውስጥ ገብተው በክብሪት እንጨት ተወጥረዋል። መሃል ላይ የተቀጠለበት ቦታ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ዝናብ ካቆረው ውሃ አጠገብ ተጋድሟል። «ብሬከር አለ እኮ» አለኝ ጎረቤቴ። 16 አምፔር ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። የሰውን ልብ ለማወክ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊ አምፔር ይበቃል፤ ብሬከሩ ይህችን ከቁም ነገርም አይቆጥራት። ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት የሚፈሰውን 30 ሚሊ አምፔር ዐውቆ የሚቆርጠው አርሲዲ የሚባለው ነው። ጎረቤቴ ለበሩ መያዣ ያወጣውን ዋጋ ነግሮኛል፤ ስለ አርሲዲ ስጠይቀው ግን ኑሮ ተወደደ።

በዚህ መሃል መብራት ጠፋ። ባለሙያው ግራይንደሩን ማብሪያው እንደበራ መሬት ላይ አኖረውና ቡና ሊጠጣ ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ያለ ሰው ተነሥቶ ግቢውን ይዞር ገባ። ልምድ የሌላቸው ዶሮዎች አጥር ላይ ወጡ፤ ልምድ ያለው ሰውዬ በባዶ እጁ ሊይዘው ሮጠ። ገመዱን የነቀለው ረዳቱ ነው። መብራት በሚመላለስበት አገር ማብሪያ አጥፍቶ፣ ገመድ ነቅሎ መሄድ የመጀመሪያው የሙያ ትምህርት መሆን ነበረበት።

«ቀን ካልደረሰ ማንም አይሞትም» ለሚሉኝ መልስ የለኝም። እኔ ስለ ሞት አላወራሁም፤ ስለ ዓይን ነው የማወራው። ልጁ ዓይኑን ሲያሽ አይቼ «ገባብህ?» ብለው «ማታ በነጠላ ጫፍ ይወጣል» አለኝ። የብረት ብናኝ ግን ብሌን ላይ ከተሰካ በሰዓታት ውስጥ መዛግ ይጀምራል፤ ዝገቱም ዙሪያውን ያበላሻል። ሐኪም እንጂ ነጠላ አያወጣውም። የዓይን ባንክ ስንሞት ብሌናችንን እንድንሰጥ ይለምነናል፤ ደግ ልመና ነው፤ ቃል የምንገባም አለን። ከሟች ብሌን የሚለመንበት አገር የአንድ ጎረምሳ ጤነኛ ብሌን በመነጽር ዋጋ ሲጣል ዝም ብሎ ያያል።

ጥፋቱን ሁሉ በባለሙያው ላይ የምንደፋው እኛ አሠሪዎቹስ? ጎረቤቴ የላሜራውን ውፍረት፣ የቀለሙን ዓይነት፣ የቀን ሂሳቡን ሳይቀር ተከራክሮ ተዋውሏል። ስለ መነጽር አንድ ቃል አልተነሣም። እኔም ጣሪያ ሳሠራ ስላነሣሁ «ነገረኛ» ተብያለሁ፤ ይሁን።

በር፣ አጥር፣ ጣሪያ የምታሠሩ ሁሉ፣ መከለያ የሌለው ግራይንደር ግቢያችሁ አታስገቡ። ለባለሙያውም ለረዳቱም መነጽር ገዝታችሁ ስጡ። ሥራው ሲያልቅ መልሳችሁ አትቀበሏቸው።