በሥራ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ስለሚጎዱ የጤና ሠራተኞች





እኔ በማስተምርበት በአዴት፣ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረች አንዲት ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና በገጠር ቀበሌ ታገለግል ነበር። አንድ ቀን ሕፃናት ስትከትብ ውላ ስትመለስ፣ የመሥሪያ ቤት መኪና ስላልነበረ እህል በጫነ አይሱዙ ተሳፈረች። መኪናው ተገለበጠ፤ እግሯም ተሰበረ። ሐኪሞች ከእንግዲህ መሥራት እንደማትችል ነገሯት። መሥሪያ ቤቷ ግን «መኪናው የእኛ አይደለም፤ የስምሪት ወረቀትም አላቀረብሽም» አላት። የታዘዘችው በስልክ ነበርና።

ይህ መልስ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ሕጉ ያስረዳል። የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆነች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከታትም፤ የሚመለከታት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት፣ በሥራ ምክንያት ተጎድቶ ጨርሶ መሥራት ያቃተው ሰው የአገልግሎቱ ዘመን ሳይቆጠር የጉዳት ጡረታ አበል ያገኛል። በሌላ ምክንያት ጤናውን አጥቶ የሚሰናበት ግን የዘወትር አበል የሚያገኘው 10 ዓመት ያገለገለ እንደ ሆነ ነው። ይህች ልጅ ያገለገለችው 6 ዓመት ብቻ ነው። እንግዲህ የዕድሜ ልክ እንጀራዋ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

አንዳንዶች «በመንገድ የደረሰ አደጋ የሚቆጠረው መጓጓዣውን መሥሪያ ቤቱ ያቀረበው እንደ ሆነ ነው» ይላሉ። ይህ ግን ከቤቱ ወደ ቢሮ ለሚመላለስ ሠራተኛ የተነገረ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው ጤናን እስከ ገበሬው ደጃፍ ማድረስ ነበር። ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ለሚላክ ሰው መንገዱ ራሱ ሥራው ነው። መኪና ሳይሰጡ ልኮ፣ በተገኘው መኪና ሄድሽ ብሎ መክሰስ ፍርድ አይደለም። ደግሞስ በዚያ ቀን የተከተቡት ሕፃናት ካርድ በእጅ ጽሑፏ ተሞልቶ ይገኛል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ስለዚህ በየቢሮው ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ማንም የጤና ሠራተኛ ቀኑና ቦታው የተጻፈበት፣ በምን እንደሚጓዝም የተገለጸበት የተፈረመ ወረቀት ሳይዝ አይውጣ። አደጋ ቢደርስም የፖሊስና የሐኪም ማስረጃው ሳይውል ሳያድር በግል ማኅደሩ ይግባ። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ያቺ ልጅ የአንድ ሕፃን ክትባት እንኳ ሳትጽፍ አልዋለችም፤ እኛም የእርስዋን የሥራ ቀን መጻፍ አይክበደን።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዴት