ትንሿ ባስ መድረክ ላይ ድምፅዋ ሲጠፋ ጥፋቱ የማን ነው?

ቅርጿ የዩኩሌሌ፣ ቅኝቷ ግን የባስ ጊታር የሆነች አንዲት ትንሽ መሣሪያ በወጣት ሙዚቀኞች ዘንድ እየተወደደች መጥታለች። ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማት ሰው ድምፅዋ እንደ ትልቁ ደብል ባስ ክብና ሞቅ ያለ ነው። መድረክ ላይ ስትወጣ ግን ብዙ ጊዜ ወይ ድምፅዋ ቀጥኖ ይጠፋል፣ ወይ ደግሞ አዳራሹን እስኪያናውጥ ድረስ ታጓራለች። ያን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ «እሷ መጫወቻ እንጂ መሣሪያ አይደለችም» ይባላል። ከዚያም ባለቤቱ ወይ ይሸጣታል፣ ወይም ገንዘብ አጠራቅሞ ትልቅ የድምፅ ሣጥን ይገዛል። በእኛ እምነት ሁለቱም እርምጃዎች ያለ ምርመራ የተወሰዱ ናቸው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በመሣሪያዋም በድምፅ ሣጥኑም ሳይሆን በሁለቱ መካከል ባለው መገናኛ ላይ ነው፤ ይህንንም ለማወቅ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይበቃል።

ለመሆኑ ይህን የሚያህል ጎርናና ድምፅ ከዚህች ትንሽ አካል እንዴት ሊወጣ ቻለ? ማሪን መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ የአንድ ክር ድግግሞሽ የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ ነው። የተለመደው ባስ ጊታር የሚርገበገበው የክሩ ክፍል 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የትንሿ ባስ ግን 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱም ዝቅተኛ ክራቸውን በ41 ኸርዝ ይቃኛሉ። የትልቁን ክር በትንሿ ላይ ወጥረን ያንኑ ድምፅ እናግኝ ብንል፣ ውጥረቱን ወደ 38 በመቶ ያህል ዝቅ ማድረግ ግድ ይሆንብናል፤ ክሩም እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይላላል። ክሩን በማወፈር ክብደቱን እንጨምር ብንል ደግሞ፣ ወፍራም ብረት እንደ ክር መርገብገቡን ትቶ እንደ ዘንግ ይገትራል። መፍትሔው ወፍራም ሆኖም የሚለመጥ ነገር መፈለግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ለገበያ የቀረበችው አሽቦሪ ባስ በሲሊኮን ጎማ ክሮች ሞከረችው። ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው ኦወን ሆልት የነደፋትና በካላ ኩባንያ አማካይነት የተስፋፋችው ዩ ባስ ደግሞ ፖሊዩረቴን የተባለውን ጎማ መሰል ክር ይዛ መጣች። እንዲህ ያለው ክር ከፍተኛ ንዝረቶችን ቶሎ ውጦ ስለሚያጠፋ፣ ያ ደብል ባስን የሚያስታውሰው ክብ ድምፅ ከዚሁ ይመነጫል። አንዳንዶች ይበልጥ ጥርት እንዲል በማለት ብረት የተጠመጠመበትን ክር ይመርጣሉ። መብታቸው ነው፤ ለእኛ ግን የመሣሪያዋ ውበት ከጎማው ጋር አብሮ የሚሄድ ይመስለናል።

ጎማ ግን አንድ ዕዳ ይዞ ይመጣል። የተለመደው የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ የሚሠራው በማግኔትነት ስለሆነ፣ ብረት የሌለውን ክር ፈጽሞ አይሰማም። ማይክሮፎን ፊት ለፊት እናቁም የሚሉም አሉ፤ ይሁንና የ41 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው። ከዚህ አንጻር ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የእንጨት ሣጥን አየሩን በዚያ ድግግሞሽ ለማንቀሳቀስ አቅም የለውም። ስለዚህ ንዝረቱ ከክሩ ሥር በቀጥታ መወሰድ ይኖርበታል። ይህን የሚያደርገው ፒዬዞ ፒክአፕ ነው። ዣክ እና ፒየር ኪዩሪ የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 እንዳረጋገጡት፣ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያመነጫሉ። ፒክአፑም በዚሁ መሠረት ክሩ ባንቀጠቀጠው ቁጥር ኤሌክትሪክ ይሰጣል።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ፒዬዞ ከኤሌክትሪክ አኳያ ሲታይ አንድ ትንሽ ካፓሲተር ነው። ካፓሲተር ከሬዚስተር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን በክፍል ውስጥ ተምረናል፤ ከአንድ ወሰን በታች ያሉትን ድግግሞሾች የሚያዳክም ማጣሪያ ይሆናል። ወሰኑም አንድን ለ2π፣ ለሬዚስታንሱና ለካፓሲታንሱ ብዜት በማካፈል ይገኛል። ፒክአፑ 1 ናኖፋራድ ነው እንበል። መሣሪያዋን በቀጥታ 10 ኪሎ ኦም በሆነው የሚክሰር መግቢያ ላይ ብንሰካት ወሰኑ ወደ 16,000 ኸርዝ ይጠጋል። የ41 ኸርዙ ድምፅ ገና ከበሩ ሳያልፍ ወደ አራት መቶኛው ግድም ይወርዳል ማለት ነው። መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ቢሆን ወሰኑ 159 ኸርዝ ይሆናል፤ ዝቅተኛው ድምፅ ግን አሁንም ሩቡ ብቻ ነው የሚያልፈው። በ10 ሜጋ ኦም ወሰኑ ወደ 16 ኸርዝ ሲወርድ 93 በመቶው ያልፋል። ክሩ ያው፣ እጁ ያው፣ የድምፅ ሣጥኑ ያው፤ የተለወጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

እንግዲህ በሚክሰሩ ፊት የቆመው ሰው ባሱ ሲጠፋበት ምን ያደርጋል? የባሱን መዘውር እስከ መጨረሻው ያዞራል። መዘውሩ 15 ዴሲቤል ቢጨምር ድምፁን ከአምስት እጥፍ ብዙም አያሳድገውም። አራት መቶ ጊዜ ያነሰ ድምፅ በአምስት እጥፍ አይመለስም። ከዚህም የከፋው ከጠፋው ድምፅ ጋር የኤሌክትሪክ መስመሩ እንጉርጉሮ አብሮ መጉላቱ ነው። በአገራችን መስመሩ 50 ኸርዝ ሲሆን፣ በዝቅተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ የሚገኘው ድምፅ ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰሙ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል የሚያብጥና የሚሟሽሽ ድምፅ ይፈጠራል፤ ተጫዋቹም ቅኝቴ ተበላሸ ብሎ ይጨነቃል።

ትክክለኛው እርምጃ ከፍተኛ የመግቢያ ኢምፒዳንስ ያለው ፕሪ አምፕሊፋየር ወይም ለፒዬዞ የተሠራ ዲ አይ ቦክስ በመሣሪያዋና በሚክሰሩ መካከል ማስገባት ነው። በውስጣቸው ባትሪና ፕሪ አምፕሊፋየር የተገጠመላቸው ሞዴሎች ይህን ችግር አስቀድመው ፈትተውታል፤ ለእነሱ የሚያስፈልገው ባትሪውን ከዝግጅቱ በፊት መለወጥ ብቻ ነው። ለድምፅ ሣጥን ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር የአንዲት ትንሽ ፕሪ አምፕሊፋየር ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ድምፁን በ10 ዴሲቤል ለማሳደግ የአምፕሊፋየሩ ኃይል አሥር እጥፍ መሆን እንዳለበት የሚያውቅ ተማሪ ይህን ለጓደኞቹ ማስረዳት አይከብደውም።

ድምፁ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ፈተና ይመጣል። ቀላሉ የእንጨት ሣጥን ከድምፅ ሣጥኑ የሚመጣውን ሞገድ ተቀብሎ ይርገበገባል፤ ፒክአፑም ያንን መልሶ ይልከዋል፤ ዙሩ በራሱ እየተመገበ ያጓራል። በዚህ ጊዜ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው የሚያዋጣው። የሆዷን ቀዳዳ በስፖንጅ መድፈን፣ ከድምፅ ሣጥኑ ፊት ገለል ብሎ መቆም፣ የሚያጓራውን ጠባብ ድግግሞሽ ፈልጎ ዝቅ ማድረግ፣ ከ35 ኸርዝ በታች ያለውንም በማጣሪያ መቁረጥ ይጠቅማል። ከዚያ በታች የሚገኘው የእጅ መታሸትና የመድረክ ወለል መናጥ ነውና፣ ቢቆረጥ ዜማው ምንም አይጎድልበትም።

«ታዲያ ባስ የሚባለው ዝቅተኛው ድምፅ አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጆሮ ግን ከዚህ ይልቅ ብልህ ነው። አውጉስት ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1841 በሳይረን ባደረገው ሙከራ መሠረታዊው ድግግሞሽ እጅግ የደከመ ቢሆንም እንኳ ጆሮ ያንኑ ዝቅተኛ ድምፅ እንደሚሰማ አሳይቷል፤ 82፣ 123 እና 164 ኸርዝ በአንድነት ሲደርሱት አእምሯችን 41ን ራሱ ይሞላዋል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የበገና ክር በእንዚራው ላይ እየነዘረ ሲጮህ የሚሰማው ዝዝታ በእነዚህ ተከታይ ድምፆች የተሞላ ነው፤ የበገና ግርማም በአብዛኛው ከዚሁ ይመጣል። ስለዚህ በትንሿ ባስ ላይ ከ80 እስከ 250 ኸርዝ ያለው ክልል በንጽሕና እንዲሰማ መድከም፣ 41 ኸርዝን በጉልበት ከመግፋት ይበልጣል። በባህል ምሽቶች ባስ ክራር የሚጫወቱ ባለሙያዎቻችንም ፒዬዞ ሲጠቀሙ የሚገጥማቸው ችግር ይኸው በመሆኑ፣ ጉዳዩ የባዕድ መሣሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ አንድ ሐሳብ ማቅረብ እንወዳለን። የካፓሲተርና የሬዚስተር ማጣሪያ በቤተ ሙከራችን የሚጠናው በሲግናል ጄኔሬተር ነው። አንድ ፒዬዞ ቁራጭ፣ አንድ የተወጠረ ክርና ሦስት የተለያዩ ሬዚስተሮች ቢቀርቡ ተማሪው ያንኑ ቀመር በጆሮው ይሰማዋል። ሙከራው ሲሠራ ግን አድማጮቹ በክፍሉ ውስጥ ቦታ እየቀያየሩ ይስሙ። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር ከ15 ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ 41 ኸርዝ ቋሚ ሞገድ ይሠራል፤ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ተማሪ ድምፁ በረታ ሲል፣ መካከል ላይ የቆመው ደግሞ ምንም አልሰማሁም ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።